ሁለተኛ የወጣው ምን በደለ?

ኳስ እወዳለሁ እያለ «ስለ ፕሌይኦፍ አስተያየት የለኝም» የሚል ኢትዮጵያዊ ካለ፣ ወይ ጥቅምት 2005ን አላየም፣ ወይ ጥቅምት 2006ን ሆን ብሎ ረስቶታል። በአንድ ዓመት ልዩነት ይኸው የማጣሪያ ስልት አንዴ መንገድ ላይ አስጨፈረን፣ አንዴ ደግሞ አንገታችንን አስደፍቶ ወደ ቤት ሰደደን።

እስቲ እናስታውስ። ለ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ከሱዳን ጋር ደርሶ መልስ ደረሰን። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸነፍን። አምስት ግብ ተቆጥሮበት የመጣ ቡድን አለቀለት ይባላል፤ ግን መልሱ ገና ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ አዳነ ግርማ አንድ፣ ሳላዲን ሰይድ አንድ። በቃ! ድምሩ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳችን ውጭ ባገባናቸው ሦስት ግቦች አለፍን። 31 ዓመት የተዘጋብን የአፍሪካ ዋንጫ በር የተከፈተው እንዲህ ነው።

በዓመቱ የሰውነት ቢሻው ልጆች በብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን አስከትለው ምድባቸውን በአንደኝነት ጨረሱ። ከቦትስዋና ጋር ተጫውተው ያገኙት ሦስት ነጥብ በቅጣት ተወስዶባቸው እንኳ! (የዚያ የቢጫ ካርድ ታሪክ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ዛሬ አልነካውም።) አንደኛ መውጣት ግን አልበቃም። የአፍሪካ ደንብ አሥሩን የምድብ አሸናፊዎች እንደገና ሁለት ሁለት እያደረገ ያጋጥም ነበርና ናይጄሪያ ደረሰችን። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በኃይሉ አሰፋ አስቀድሞ አገባ፤ ኢማኑኤል ኢመኒኬ ሁለት አገባብን፣ ሁለተኛዋን በ90ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት። ኅዳር ላይ ካላባር 2 ለ 0 ሆነና ነገሩ አለቀ።

እነዚህን ሁለት ትዝታዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የፕሌይኦፍ ክርክር ሁሉ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሊያልቅለት ለነበረ ቡድን ሁለተኛ ዕድል ሲሰጥ ደግ ነገር ነው። አንደኛ የወጣውን «ና፣ እንደገና ተፈተን» ሲለው ግን በደል ነው። የአፍሪካው ኮንፌዴሬሽን ራሱ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ የምድብ አንደኞችን በቀጥታ አሳልፏል። ለእኛ አሥራ ሦስት ዓመት ዘገየ እንጂ መልካም አድርጓል።

አሁን ከዋልያዎቹ እንውረድና ወደ ሊጎቻችን እንምጣ፤ ጉዳዬ እዚያ ነው።

እኛ የይፋት ቆላ ልጆች የምንኖረው በደሴ መንገድ ላይ ነው። ከጣርማበር ዋሻ ወጥቶ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ የወረደ አውቶቡስ ሁሉ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ይቀበለዋል፣ የሽንኩርት ሻጮች ይከቡታል፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ይቀጥላል። በዚህ አንድ መንገድ ላይ ያሉትን ክለቦች ቁጠሩ፦ ደብረ ብርሃን፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ፣ ወልዲያ። ሁሉም በከፍተኛ ሊጉ ስማቸው የተጠራ ነው። ወልዲያ በ2006 እና በ2008 ሁለት ጊዜ ወደ ፕሪምየር ሊግ ወጥቷል። መንገዱን ይዛችሁ ከቀጠላችሁ መቐለ አለች፤ የእሷን ታሪክ ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ።

እንግዲህ አንድ የቀወት ልጆች ቡድን «ፕሪምየር ሊግ እገባለሁ» ብሎ ተነሳ እንበል። (አትሳቁ፤ ጅማ ከተማም ተስቆበት ይሆናል።) መሰላሉ ይህን ይመስላል፦ ከወረዳ ዞን፣ ከዞን ክልል፣ ከዚያ የክልል ክለቦች ሻምፒዮና፣ ከዚያ አንደኛ ሊግ፣ ከዚያ ከፍተኛ ሊግ። የክልል ክለቦች ሻምፒዮና ማለት ከየክልሉ የመጡ ክለቦች አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው በምድብ ይጫወታሉ፣ ከዚያ በጥሎ ማለፍ ይቀነሳሉ ማለት ነው። አንደኛ ሊጉም ከምድብ ጨዋታ በኋላ «ማጠቃለያ ውድድር» የሚባል አለው፤ እሱም ያው አንድ ከተማ ላይ ተሰብስቦ። ስሙ ማጠቃለያ ይሁን እንጂ ፕሌይኦፍ ነው። ከእንግሊዝ የተዋስነውም አይደለም። ፕሪምየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ራሱ ለረጅም ዘመን የአዲስ አበባ፣ የአስመራ፣ የድሬዳዋና የሌሎቹ አሸናፊዎች ተገናኝተው የሚለዩበት ነበር።

ልብ በሉ፦ ለትንሽ ከተማ ልጅ ከታች እስከ ላይ መሰላሉ በሙሉ ፕሌይኦፍ ነው። አንድ ቀን ዝናብ ቢዘንብ፣ አንድ ቀን ግብ ጠባቂው ሆዱን ቢያመው፣ የዓመቱ ልፋት በማያውቀው ከተማ ሜዳ ላይ ቀርቶ ይመለሳል። የሚገርመው የመጨረሻው ደረጃ ላይ፣ ከከፍተኛ ሊግ ወደ ፕሪምየር ሊግ ሲደረስ፣ ነገሩ ይገለበጥና «የምድቡ አንደኛ ብቻ!» ይባላል። ሁለተኛው ወደ ቤቱ።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከፍተኛ ሊጉ በ2008 ሲጀመር ሁለት ምድብ ነበረው። በ2009 ሦስት ክለብ ማለፍ ነበረበትና ሁለቱ ምድቦች ለሦስት አይካፈሉም። ስለዚህ የምድብ አሸናፊዎቹ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲና ጅማ ከተማ በቀጥታ አለፉ፤ ሁለተኛ የወጡት መቐለ ከተማና ሀዲያ ሆሳዕና ደግሞ በገለልተኛ ሜዳ አንድ ጨዋታ ተጫወቱ። መቐለ አሸንፎ ገባ።

ከዚያስ? ጅማ ስሙን ጅማ አባ ጅፋር ብሎ በገባበት ዓመት፣ በ2010፣ ፈረሰኞቹን በግብ ልዩነት በልጦ ዋንጫ አነሳ። መቐለ ደግሞ መቐለ 70 እንደርታ ሆኖ በ2011 የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። አሰልጣኙ በሁለቱም ጊዜ ገብረመድህን ኃይሌ ነው። ሰውየው በ2017ም ከኢትዮጵያ መድን ጋር ያው ዋንጫ ላይ ተገኝቷል፤ እሱን ለብቻው እንጽፍለታለን። እኔ ማለት የፈለግሁት ይህን ነው፦ በምድቡ ሁለተኛ ወጥቶ በፕሌይኦፍ የገባ ክለብ በሁለት ዓመት ውስጥ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። «የምድቡ አንደኛ ብቻ» ቢባል ኖሮ ያ ዋንጫ ማን ጋ እንደሚሆን እንጃ።

በ2010ም እንዲሁ ባሕር ዳር ከተማና ደቡብ ፖሊስ በአንደኝነት ሲያልፉ፣ ሦስተኛውን ቦታ ሽረ እንዳሥላሴና ጅማ አባ ቡና ተፋጠጡበት፤ ሽረ ገባ። በ2011 ሊጉ ሦስት ምድብ ሆነ፤ ሦስት ምድብ ለሦስት ቦታ ልክ መጣና ፕሌይኦፉ ያለምንም ክርክር ተነነ። ሰበታ ከተማ፣ ወልቂጤ ከተማና ሀዲያ ሆሳዕና አለፉ። በኋላ ምድቡ ወደ ሁለት ሲመለስ፣ ለምሳሌ በ2016 አርባ ምንጭ ከተማና ኢትዮ ኤሌክትሪክ ሲያልፉ፣ ሁለተኛውን አስታውሶ የጠየቀ አልነበረም። ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ነበር። ፕሌይኦፍ ይጠቅማል ወይ ይጎዳል ብሎ የመከረበት ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ቁጥሩ ሲካፈል ቀረ፣ ሳይካፈል መጣ።

የፕሌይኦፍ ጥቅም የቴሌቪዥን ድምቀት ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። 12 ክለብ ያለበት ምድብ 22 ጨዋታ አለው። አንዱ ክለብ በ14ኛው ሳምንት ስምንት ነጥብ ከመራ፣ ሁለተኛም ሦስተኛም ሰባተኛም መሆን አንድ ነው። ከወራጅ ቀጠና የራቀ ክለብ ደግሞ የሚፈራው የለም። እና ምን ይሆናል? ደመወዝ መዘግየት ይጀምራል፤ አብዛኞቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደር በጀት የሚተዳደሩ ናቸውና ከንቲባው «ዘንድሮ አለቀ አይደል?» ብሎ ወደ ኮብልስቶኑ ይመለሳል። ተጫዋቹ እግሩን ለመጪው ዓመት ያስቀምጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ ሁላችንም በሹክሹክታ የምናወራው ነገር አለ፦ ጨዋታ መልቀቅ። ምንም የማይፈልግ ቡድን ሁሉን ከሚፈልግ ቡድን ጋር በመጨረሻው ሳምንት ሲገናኝ፣ ውጤቱ ንጹሕ ቢሆን እንኳ የሚያምን አይኖርም። ሁለተኛነት ዋጋ ቢኖረው፣ አምስተኛው ክለብ እስከ ግንቦት ድረስ «ገና ነን» ማለት ይችላል። «ገና ነን» የሚል ቡድን አይለቅም።

ግን ልክ ነው፣ ሌላ ወገን አለ፤ እሱም ቀላል አይደለም። 22 ጨዋታ ተጫውቶ፣ በደረቅ ሜዳ ላይ ጉልበቱን ልጦ፣ ከሦስተኛው አሥር ነጥብ ርቆ ሁለተኛ የወጣ ክለብ በአንድ ከሰዓት ያጣዋል። ሀዲያ ሆሳዕና በ2009 ከተሸነፈ በኋላ ሁለት ዓመት ጠብቆ ነው የገባው። ጅማ አባ ቡና ደግሞ ከ2010 በኋላ ፕሪምየር ሊግን ዳግም አላያትም።

በዲኤስቲቪ ቤት በየግንቦቱ የምናየው የዌምብሌይ ፍጻሜም ጉድ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1995 ሬዲንግ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ሁለተኛ ወጣ። ፕሪምየር ሊጉ የክለብ ቁጥር ይቀንስ ስለነበር በዚያ ዓመት በቀጥታ ያለፈው አንደኛው ብቻ ነበር። ፍጻሜው ላይ ሬዲንግ ቦልተንን 2 ለ 0 መራ፣ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ፣ ሳተ፤ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 3 ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሀደርስፊልድ ዓመቱን ሙሉ 56 አግብቶ 58 ተቆጥሮበት (አዎ፣ የግብ ዕዳ ይዞ!) አምስተኛ ወጥቶ ፕሪምየር ሊግ ገባ። ተሸናፊው ማን ነበር? ሦስተኛ የወጣው ሬዲንግ፣ በመለያ ምት። የሬዲንግ ደጋፊ ይህን ጽሑፍ ቢያነብ ኖሮ ኮምፒውተሩን ይሰብረው ነበር።

እንግዲህ እኔ አምስተኛና ስድስተኛው ይግባ አላልኩም። የእንግሊዙ ልክ ለእኛ ሰፊ ነው። ሁለተኛው ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ። የእኛ ፕሌይኦፍ ሲመጣም ግማሹን ብቻ ነው የሚመጣው፤ «ደርሶ» አለ፣ «መልስ» የለም። የ2009ኙም የ2010ሩም አንድ ጨዋታ፣ ገለልተኛ ሜዳ። ሱዳንን አስታውሱ! አንድ ጨዋታ በገለልተኛ ሜዳ ተብሎ 5 ለ 3 ቢሆን ኖሮ 31 ዓመቱ 33 ሆኖ ይቀጥል ነበር። ያሳለፈን መልሱ ነው፤ የራሳችን ሜዳ፣ የራሳችን አየር፣ ከሌሊት ጀምሮ የተሰለፈ የራሳችን ሰው። የሽረ ሰው ክለቡ ፕሪምየር ሊግ ሲገባ በራሱ ከተማ ሜዳ አላየውም፤ የጅማ ሰውም ክለቡ ሲቀር አጠገቡ አልነበረም። ለትንሽ ከተማ ከዚህ የሚበልጥ ቀን በሃምሳ ዓመት አንዴ አይመጣም። ያንን ቀን ወስዶ ሦስት ቀን መንገድ የሚያስኬድ ከተማ ላይ ማድረግ፣ ሰርጉን ሙሽሪት በሌለችበት እንደ መደገስ ነው።

«ፀጥታውስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ይህን ዘልዬው ማለፍ አልችልም። ኅዳር 2010 ወልዲያ ላይ ከወልዲያና መቐለ ጨዋታ ጋር ተያይዞ በተነሳ ግጭት ሰው ሞቷል። ኳስ ሊያይ የወጣ ሰው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ኅዳር 2014 ላይ ጦርነቱ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር። የሦስቱ የትግራይ ክለቦች ወንበር ለዓመታት ባዶ ሆኗል። ገለልተኛ ሜዳ የተመረጠው ስንፍና ብቻ አልነበረም። ፕሪምየር ሊጉ ራሱ ከ2013 ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ፣ ኮሮናውም፣ የቴሌቪዥን ስርጭቱም፣ ፀጥታውም ምክንያት ነበራቸው። መንገዱ በማይታመንበት ዓመት ደርሶ መልስ ይሁን ብዬ አልከራከርም። ግን ገለልተኛ ሜዳ ለክፉ ቀን የተፈቀደ ነገር እንጂ ደንብ መሆን የለበትም። ለሁለት ጨዋታ፣ ለሁለት ከተማ፣ በዓመት አንዴ ፀጥታ ማዘጋጀት የሚያቅት ከሆነ ችግሩ የፕሌይኦፉ አይደለም።

እነዚያ ባዶ ወንበሮች ያመጡትን ውድድርም እናንሳ። በ2013 መጨረሻ መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ የማይመለሱ መሆኑ ሲታወቅ ሦስት ቦታ ክፍት ሆነ። ሐዋሳ ላይ «የማሟያ ውድድር» ተዘጋጀ፦ ከፕሪምየር ሊጉ ግርጌ የጨረሱት አዳማ ከተማ፣ ወልቂጤ ከተማና ጅማ አባ ጅፋር በአንድ ወገን፣ ከከፍተኛ ሊጉ ሁለተኛ የወጡት ሐምበሪቾ ዱራሜ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክና ኮልፌ ቀራንዮ በሌላ ወገን። ስድስት ገብተው ሦስት ይወጣሉ። ውጤቱ? የላይኞቹ ሦስቱም እዚያው ቀሩ። ጅማ በተከታዩ ዓመት ወረደ።

አንዳንዱ ይህን አይቶ «አያችሁ፣ የታችኞቹ አቅም የላቸውም» ይላል። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ በፕሪምየር ሊግ በጀት ተጫዋች የገዛ ክለብ፣ በከፍተኛ ሊግ በጀት ከኖረ ክለብ ጋር ሲሰለፍ አየሁ። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ከታች ሦስተኛ የሆነውን የቡንደስሊጋ ክለብ ከሁለተኛው ሊግ ሦስተኛ ጋር ደርሶ መልስ ያጫውታሉ። ሀምቡርግ እ.ኤ.አ. በ2014 በ34 ጨዋታ 27 ነጥብ ብቻ ይዞ፣ ፉርትን ሁለት ጊዜ ሳያሸንፍ (0 ለ 0 እና 1 ለ 1) ከሜዳ ውጭ ባገባት ግብ ተረፈ። ፉርት ሳይሸነፍ ቀረ። ለወራጅ ሁለተኛ ዕድል መስጠት ያለውን እንደገና ማካበት ነው። ዕድሉ ለሚወጣው ይሁን፤ ሁለተኛ ከሁለተኛ ጋር፣ የላይኛው ሳይገባበት።

ለዋንጫውስ? የፕሪምየር ሊጉን ሻምፒዮን በፕሌይኦፍ እንለይ የሚል ሐሳብ ኳስ ቤት ውስጥ ስሰማ ያመኛል። ናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 ሊጉን በሁለት ምድብ ከፍላ ስድስቱን ሌጎስ ላይ ሰብስባ ኤንየምባን ሻምፒዮን አድርጋለች፤ ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2024 መደበኛውን ውድድር ዩኒየን መርቶ ሲጨርስ ዋንጫውን ክለብ ብሩዥ ወሰደ። ለቴሌቪዥን ጥሩ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ምን ጎደለን? 2010 በግብ ልዩነት ነው የተለየው። 2014 ጊዮርጊስና ፋሲል በመጨረሻው ቀን። 2016 ንግድ ባንክ ከመቻል ጋር በመጨረሻው ቀን፤ ያውም ንግድ ባንክ ከከፍተኛ ሊግ በመጣ በዓመቱ። ሊጉ ራሱ ልብ የሚያቆም ጨዋታ እየሠራ ሌላ ቲያትር መገንባት ለምን? አንደኛ የወጣ አንደኛ ነው። ናይጄሪያ ያደረሰችብን ይበቃል።

የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ ፌዴሬሽኑ ለሚቀጥለው ደንብ ሲቀመጥ በአንድ አንቀጽ ይጨርሰዋል። ምድቡ ሁለት ይሁን ሦስት፣ አንደኞቹ በቀጥታ ይለፉ፣ አንድ ቦታ ደግሞ ለሁለተኞች ይተው። ይህ በውድድሩ መጀመሪያ ይጻፍ እንጂ ሚያዝያ ላይ በደብዳቤ አይምጣ። ሁለተኞቹ ደርሶ መልስ ይጫወቱ። የመልሱን ጨዋታ ማን በሜዳው ያድርግ የሚለው ያከራክራል፤ ከተለያየ ምድብ የመጡ ክለቦችን ነጥብ ማወዳደር ልክ አይደለምና ዕጣ ይውጣ። ከሜዳ ውጭ የገባ ግብ ይቆጠር አይቆጠር ለሚለው፣ አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2021 አንስቶታል። እኔ ግን ይቆጠር ባይ ነኝ፤ የሱዳኑን ቀን ላስገኘ ደንብ ጀርባ መስጠት አይሆንልኝም። የመግቢያው ገቢ ለሁለቱ ክለቦች እኩል ይከፈል፤ የሚቀረው ክለብ ቢያንስ የአውቶቡሱን ነዳጅ ይዞ ይመለስ።

ቀኑን ግን አደራ፣ ሰኔ ሳይጋመስ ይሁን። እኛ ቆላ ነን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሐምሌም ቢሆን ይጫወቱበታል። ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ቢወጣስ? በሐምሌ ጭጋግ ኳሷ ቀርቶ ግብ ጠባቂው የት እንደቆመ አይታይም።